ስለ ላሊበላው ጉዞና ከግድግዳችን ስላወረድናት ወረቀት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ለገና በእኛ በደሴው የትኬት ቢሮ በኩል ወደ ላሊበላ ከተጓዛችሁ ቤተሰቦች መካከል፣ ግድግዳችን ላይ የነበረችውን የርቀት ወረቀት አይታችሁ «127 ኪሎ ሜትር ብላችሁ በአዲስ አበባ አዞራችሁን» ብላችሁ ያዘናችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። ለመጉላላታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። «አታለሉን» የምትለዋ ቃል ግን ከብዳናለች።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ካርታ ላይ ማስመሪያ ብታስቀምጡ ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ 127 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ወንድማችን እዚሁ ቢሮ ቁጭ ብሎ በስልኩ አካፈለው፤ ዳሽ 8 የሚባለው አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል፣ እንግዲህ 12 ደቂቃ! ሒሳቡ ልክ ነው። ግን መንደርደር አለ፣ በተራሮቹ መሀል ከፍታ መያዝ አለ፣ ዞሮ ከማኮብኮቢያው ጋር መስተካከል አለ። ቀጥታ በረራ ቢገኝ እንኳ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያን ሳምንት ደግሞ ቀጥታ አልነበረም፤ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን 330። ትኬት ስንቆርጥ ነግረናል። በበዓሉ ግርግር ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል።

«በሌሊት ለምን ቀሰቀሳችሁን» ያላችሁም አላችሁ። ትኬቱ «ደሴ» ቢልም አውሮፕላኑ የሚነሣው ከኮምቦልቻ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌራችን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው የሚነዳው፤ ከፊት አይሱዙ ካለማ አይጠየቅም።

ርቀቶቹ የተጻፉባትን ወረቀት ታናሽ ወንድሜ ነው በእስክርቢቶ የሠራት። በ2014 በጦርነቱ ከተማውን ለቀን ወጥተን ስንመለስ ወንበሩም ኮምፒውተሩም፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ተነቅሎ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የጠበቀችን እሷ ብቻ ናት። ባለፈው ሰኞ አወረድናት። አንዱ ጥግ ቀለሙን ይዞ ተላጠ።

ከእንግዲህ የበረራ ደቂቃ አንናገርም። የምንነግራችሁ ከቢሯችን በር እስከ ሆቴላችሁ ያለውን ሰዓት ነው፤ ላሊበላ ላይም ማረፊያው ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃልና። አዲስ አበባ ማደር ለማይፈልግ ሰው የላሊበላ የአየር ትኬት አንቆርጥም፤ በወልድያና በጋሸና በመኪና እንዲሄድ እንመክራለን። 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ኮሚሽናችን ትቀርብናለች፣ ትቅር።

የኮምቦልቻ መኪናችንን ዋጋ ግን መቀነስ አልቻልንም። የምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 2016 ከተቀየረ ወዲህ ጎማ ለመግዛት ስንት ጊዜ እንደምንመካከር እኛው እናውቃለን። ያም ሆኖ በአንድ ጠረጴዛና በአንድ ስልክ ስንጀምር ያመናችሁን እናንተ ናችሁ፤ ልጆቻችሁን ለትምህርት የሸኘን፣ ሕመምተኞቻችሁን በወንበር ተሸክመን ያወጣን እኛ ነን።

ሌላ ቢሮ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ፒያሳ ቢሯችን ጎራ በሉ። ቡና ይፈላል። ተነጋግረን ካልተስማማን የመኪናውን ሒሳብ እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የትኬት ቢሮው ባለቤት፣ ደሴ