ማዕድ ማገልገል ትንሽ ስራ ነው እንዴ?

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ መሪነት በጻፋችሁት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን መሪ ሲባል ማይክ የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚታየን፣ ግን ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ለመበለቶች የምግብ እደላ የተመረጡት 7ቱ ሰዎች መስፈርታቸው እኮ ቀላል አልነበረም፣ በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ነው የተባለው። ከነሱ መሀል እስጢፋኖስ ሸንጎ ፊት ቆሞ ተናገረ፣ ፊልጶስ ደሞ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ አጠመቀ (እንግዲህ ሎጂስቲክስ ክፍል ናቸው ብላችሁ ናቋቸው!)። ሙሴንም አማቱ ዮቶር ሁሉን ብቻህን ከያዝከው አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ስላለው ነው የሺ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአስር አለቆች የሾመው። እና ስብከቱንም ሂሳቡንም መዝሙሩንም ጠቅልሎ የያዘን ፓስተር ታታሪ ነው ከምል ለሌላው ቦታ አልሰጠም ብል ይቀለኛል፣ አንዱን እንኳ ይልቀቅ በቃ።