ቅዳሜ ከመውጣታችን በፊት ስለ ስልክ

ሰላም ጓዶች! ቅዳሜ በሞተር ሳይክል ከደሴ ተነስተን በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ስለምንወርድ ካርታውን ዛሬውኑ በዋይፋይ አውርዱ። ጂፒኤስ ከሳተላይት ስለሚቀበል ኔትወርክ ባይኖርም ያላችሁበትን ያሳያል፤ የሚጠፋው ያላወረዳችሁት ካርታ ነው። እኔ ባለፈው ይህን ንቄ ባዶ ስክሪን ታቅፌ ቀረሁ፣ እረኛ ጠይቄ ነው የወጣሁት (እረኛው ከካርታው ሳይሻል አይቀርም)።

ስልኩን መሪው ላይ ማሰር ይመቻል፣ ግን የሞተር ንዝረት ካሜራውን ሊያበላሸው ይችላል፤ አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ አይፎን ይህንኑ አስጠንቅቋል። ንዝረት የሚቀንስ ማሰሪያ የሌለው ኪሱ ውስጥ ይክተትና በአንድ ጆሮ ማዳመጫ ድምፁን ይስማ። ከባቲ ወዲያ ደግሞ ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ስልክ ግሎ ይዘጋል።

ሐረጎ ላይ ግን ማንም ስክሪን እንዳያይ! ያንን ጠመዝማዛ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን።