የታሪክ ክበብ ዘገባ፦ ሰርጓጅ መርከብን የማረከችው ዓሣ አጥማጅ መርከብ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን የሰጠው «ሙንስቶን» ለተባለች አንዲት የእንግሊዝ የእንፋሎት ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ነው። የክበቡ ኮሚቴ በጥቅምት ወር ሲመረጥ ለዓመቱ የተያዘው ርእስ የ1933ቱ የነጻነት ዘመቻ ነበር፤ ሆኖም በመጀመሪያው ውይይት አንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ጣሊያን ምጽዋ ላይ ያቆማቸው ሰርጓጅ መርከቦች ከተማዋ በእንግሊዞች ስትያዝ የት እንደ ደረሱ ጠየቀች። ጥያቄው አባላቱን ከየብሱ ዘመቻ ወደ ባሕሩ አዞራቸው።

ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940) ወደ ጦርነቱ ስትገባ ምጽዋን መነሻ ያደረጉ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። ከእነዚህ አንዷ «መቀሌ» ትባላለች፤ ጣሊያኖች ለዚህች መርከብና ለእኅቶቿ አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ ተምቤን፣ ደሴ እያሉ የእኛን ቦታዎች ስም አውጥተው ነበር። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ የተሰማቸው ቁጣ የሚያስደንቅ አይደለም፤ እኔም ተካፍየዋለሁ። «መቀሌ» ግን አንድም ውጊያ ሳታደርግ ቀረች፦ ከአየር ማቀዝቀዣዋ ያፈተለከው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ባሕርተኞቿን መርዟቸው ሰኔ 8 ቀን ከሱዳን ጠረፍ ፊት ለፊት ካለች ደሴት ጋር ተላትማ ጠፋች።

የክበቡን ትኩረት የሳበችው ግን «ጋሊሌዮ ጋሊሌይ» ናት። ይህች መርከብ ከምጽዋ ወጥታ ሰኔ 9 ቀን በኤደን ወደብ አቅራቢያ «ጄምስ ስቶቭ» የተባለችውን የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠመች፤ ከሁለት ቀን በኋላም አንዲት የዩጎዝላቪያ የንግድ መርከብ በማስጠንቀቂያ ተኩስ አስቁማ ለቀቀቻት። የተኩሱ ድምፅ ግን ያለችበትን አጋለጠ። አውሮፕላኖች ፈልገው አገኟት፤ በማግሥቱ ሰኔ 12 ቀን ደግሞ የታጠቀችው ዓሣ አጥማጅ «ሙንስቶን» ደረሰችባት።

ዓሣ አጥማጅ መርከብ ለጦርነት ምን ይጠቅማል የሚለው ጥያቄ ከዓመቱ ውይይቶች ሁሉ የበለጸገው ሆኖ አገኘሁት። እነዚህ የእንፋሎት መርከቦች የሰሜን ባሕርንና የአይስላንድን ማዕበል እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ፣ ከባድ መረብ ከባሕር ወለል የሚጎትት ጠንካራ የገመድ መጠቅለያ ያላቸው ነበሩ። መረቡ ተፈትቶ በምትኩ የብረት ገመድ ሲታሰርና ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን እየሄዱ ሲስቡት፣ ከባሕር ወለል ጋር በሰንሰለት የታሰሩ ፈንጂዎች ተቆርጠው ይንሳፈፋሉ፤ ያን ጊዜ በጥይት ይመታሉ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይህን አስቀድሞ አስቦበት እ.ኤ.አ. በ1910 ለዓሣ አጥማጆች የተለየ የተጠባባቂ ክፍል አቋቁሟል፤ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦችን ከባለቤቶቻቸው በግዳጅ ኪራይ ወይም በግዢ ወስዷል። «ሙንስቶን» እ.ኤ.አ. በ1934 ለዓሣ ማጥመጃ ተሠርታ በ1939 ከተገዙት አንዷ ናት። አንድ ባለ 4 ኢንች መድፍ፣ ውሃ ውስጥ የሚፈነዱ ቦምቦችና አስዲክ የሚባለው መሣሪያ ተገጠሙላት። አስዲክ ድምፅ ወደ ውሃው ልኮ ከአካል ነጥሮ ሲመለስ ርቀቱን የሚለካ ነው፤ አሠራሩን የፊዚክስ መምህራችን በሰሌዳ ላይ በሚገባ አስረድተውልናል።

በዕለቱ የ«ሙንስቶን» አዛዥ መኮንን እንኳ ያልነበረው የመርከበኞች አለቃ ሙርማን ነበር። አስዲኩ ሰርጓጇን እንዳመለከተው ቦምቦቹን ጣለ፤ ጠፍታ እንደገና ስትገኝም ደገመ። «ጋሊሌዮ» ወደ ላይ ወጥታ በመድፍ ገጠመችው። ሰርጓጇ ወደ 1000 ቶን የምትጠጋ፣ ሁለት ባለ 100 ሚሊሜትር መድፎች የታጠቀች ስለነበረች ብልጫው የእርሷ ይመስል ነበር። የ«ሙንስቶን» መትረየሶች ግን የጣሊያን ተኳሾችን ከመድፎቻቸው አራቋቸው፤ የመድፉ ጥይት ማዘዣ ማማውን መትቶ አዛዡን ኮራዶ ናርዲንና አብረውት የነበሩ መኮንኖችን ገደለ፤ የተረፉትም እጃቸውን ሰጡ። «ካንዳሃር» የተባለችው የጦር መርከብ ደርሳ ምርኮዋን ወደ ኤደን ጎተተች። ሙርማን ሜዳልያና የመኮንንነት ማዕረግ አገኘ።

በሚያዝያ ወር ድሉ በብቃት ነው ወይስ በዕድል የተገኘ በሚል የተካሄደው ክርክር ከተጠበቀው በላይ ዘለቀ። የዕድሉ ወገን በሰርጓጇ ውስጥም ያው ጋዝ መኖሩንና ሰዎቿ ታመው እንደነበር አንሥቶ ዳኞቹን አሳመነ። እኔ በፍርዱ አልተስማማሁም፤ የጋዙ ድርሻ ባይካድም ውሃ ውስጥ ያለችን መርከብ ሁለት ጊዜ ፈልጎ ማግኘት ዕድል ሊባል አይችልም።

የተማሪዋም ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ከ«ጋሊሌዮ» የተያዙት ሰነዶች «ጋልቫኒ» የምትጠብቅበትን ቦታ ስላመለከቱ እርሷም ሰኔ 17 ቀን በኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰጠመች፤ «ቶሪቼሊ» ከአንድ ቀን በፊት በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ ጠፍታ ነበር። ከስምንቱ የቀሩት አራቱ ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ከመያዟ ከአንድ ወር ገደማ በፊት ወጥተው፣ አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ በግንቦት በጀርመን እጅ ወዳለችው የፈረንሳይ ወደብ ቦርዶ ደርሰዋል። «ሙንስቶን» ከጦርነቱ በኋላ ተሸጣ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ተመለሰች።

አባላቱ የሣሉት የቀይ ባሕር ካርታና ከካርቶን የሠሩት የመርከቧ ሞዴል በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጠዋል። ኮሚቴው ለሚመጣው ዓመት የአራቱን መርከቦች የቦርዶ ጉዞ መርጧል፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መመዝገብ የሚፈልጉ ተማሪዎች በመስከረም ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ ሊሰጡ ይችላሉ።