ወተቱ ሳንባ ውስጥ አይደርስም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በኮምቦልቻ ከሚገኙ የዱቄት ፋብሪካዎች በአንዱ በፈረቃ የምሠራ ሰው ነኝ። አቧራ በሚበዛባቸው የሥራ ቦታዎች አሠሪው ወተት ያድላል፤ ሠራተኛውም «አቧራውን ያጥብልኛል» ብሎ ይጠጣል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል። ወተት ምግብ ነው፣ ለደከመ ሰው መሰጠቱን አልጠላም። የሚወርደው ግን ወደ ጨጓራ ነው፤ ዱቄቱ የገባው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ነው።

የምንበላው ነገር እንዴት ይጎዳናል እያልን ዱቄትን ከአደጋ አንቆጥረውም። ሲተነፍሱት ግን ሌላ ነው። የስንዴ ብናኝ በየዕለቱ ሲገባ የአንዳንዱ ሰው አካል ይቆጣበታል። መጀመሪያ ማስነጠስና የዓይን ማሳከክ ይመጣል፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ደረት መጨነቅ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሳልና ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ይከተላል። ይህ አስም ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ እዚያው አቧራ ውስጥ የቆየ ሰው ሥራውን ቢለቅ እንኳ በሽታው አብሮት ሊቀር ይችላል።

የፈረቃ መውጫ ሰዓታችንን ብታዩ ደስ ባላችሁ ነበር አልልም። የኮምፕሬሰር ቱቦ ይዘን ተራ በተራ ልብሳችንን እናስነፋለን። ዱቄቱ ከአንዱ ቱታ ተነሥቶ ተራ የሚጠብቀው ባልደረባ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ እየሳለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አቧራ የሚስብ ማሽን ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

አንድ ባልደረባዬ በዕረፍት ቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤተሰቡ ዘንድ ሲያድር ሳሉ ጋብ ይልለታል። «የደሴ አየር ተስማማኝ» ይላል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት፤ ብርድ ደግሞ አስምን ይቀሰቅሳል እንጂ አያስታግስም። የተስማማው ከዱቄቱ መራቁ ነው። ሲታከም የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶታል፤ ሥራው ምን እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም። ሐኪሞቻችንን የምለምነው ሁለት ጥያቄ እንዲጨምሩ ነው፦ ምን ትሠራለህ? በዕረፍት ቀንህ ይሻልሃል?

ጉዳዩ የዱቄት ብቻም አይደለም። የሆቴል ጽዳት ሠራተኞች በረኪናን ከአሲድ ጋር ቀላቅለው መጸዳጃ ቤት ያጥባሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ይህን ጋዝ በብዛት አንድ ጊዜ መሳብ ብቻውን በሰዓታት ውስጥ አስም ሊያስጀምር ይችላል። በሩን ዘግተው ለሚያጥቡ እህቶቻችን ይህን የሚነግራቸው ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስረዳና መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የጨርቅ ጭምብል ደቃቅ ብናኝን በአግባቡ አያግድም፤ ለዚህ የተሠራ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ያስፈልጋል። ከጭምብሉም በፊት አቧራው ከሚነሣበት ከማሽኑ አፍ ላይ የሚመጥጥ መሣሪያ መተከል አለበት።

የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ቀን፣ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ ነው። እባካችሁ አንድ ጊዜ ሳትነግሩን በሌሊት ፈረቃ መውጫ ኑ።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኛ
ከኮምቦልቻ