ለእማዬ፦ ስለዚያ ክኒን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ጤናሽ እንዴት ነው?

ወጣቶች ሲጨፍሩ ስለሚውጡት ክኒን በስልክ የጠየቅሽኝን በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል ብዬ ነው። የልጅ ልጆችሽ ሲያመሹ በር የምትከፍቺላቸው አንቺ ነሽና።

ክኒኑን ኤክስታሲ ይሉታል፤ ዱቄቱን ደግሞ ሞሊ። ዋናው ኬሚካል ኤምዲኤምኤ ነው። ከተዋጠ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይጀምርና ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። አንጎል ያጠራቀመውን ሴሮቶኒን የሚባል ስሜትን የሚገዛ ኬሚካል በአንዴ ስለሚያስለቅቅ ያገኙት ሰው ሁሉ ዘመድ ይመስላቸዋል። በቀጣዮቹ ቀናት ሆድ መባስና እንቅልፍ ማጣት ሊከተል ይችላል።

እኔን የሚያስፈራኝ ሙቀቱ ነው። ክኒኑ ሰውነት ሙቀት እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ የቆዳን ደም ሥሮች አጥብቦም መውጫ ይነሳዋል። በዚያ ላይ በታፈነ ቤት ለሰዓታት ይጨፈራል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ጡንቻ ሊፈርስ፣ ፍርስራሹም ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የኢንፌክሽን ትኩሳት ስላልሆነ ፓራሲታሞል አያበርደውም።

«ውሃ በብዛት ጠጡ» የሚሉት ምክርም አደገኛ ነው። ኤምዲኤምኤ ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገውን ሆርሞን ይጨምራል። ብዙ የጠጣ ሰው የደሙ ሶዲየም (ጨው) ይወርድና አንጎሉ ሊያብጥ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መቀባዠር፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ ይመጣል። የሚጨፍርና የሚያልበው በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ ያረፈ ሰው ሩብ ሊትር ገደማ፣ ያውም በትንሽ በትንሹ።

ክኒኑ ውስጥ ያለውን ደግሞ በዓይን ማወቅ አይቻልም። አንዳንዱ ፒኤምኤ የሚባል ሌላ ኬሚካል ይገባበታል፤ እሱ ዘግይቶ ስለሚነሳ «አልያዘኝም» ብለው ይደግማሉ፣ ኋላ የሁለቱም ክኒኖች ኃይል ተደራርቦ ይመጣል። ኤምዲኤምኤ ራሱ ከአንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችና ሪቶናቪር ከሚባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ሲገናኝም ሊገድል ይችላል።

በር ስትከፍቺለት የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ መንጋጋው ተቆልፎ፣ ጉንጩን ከውስጥ ሲያኝክ ልታዪው ትችያለሽ። ማጅራቱን ዳሰስ አድርጊው። እንደ ምድጃ ከጋለ፣ ከተቀባዠረ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ብትቀሰቅሺው ካልነቃ «ይተኛበትና ይለፍለት» አትበይ፤ አምቡላንስ ጥሪ። ከጋለ እስኪደርሱ ልብሱን አውልቀሽ ውሃ እያርከፈከፍሽ አራግቢለት። ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኚው፤ በአፉ ምንም አትስጪው፣ ብቻውንም አትተዪው።

ማርከሻ የለውም፤ ሐኪሞቹ የሚያክሙት ምልክቱን እየተከተሉ ነው። ስለዚህ ምን እንደዋጠ፣ ስንትና መቼ እንደዋጠ ንገሪያቸው፤ የተረፈ ክኒን ካለ ስጫቸው። ቁጣሽን ለነገ አቆዪው እማዬ። የተቆጡት ልጅ የዋጠውን ይደብቃል፣ ሐኪሙም በግምት ይሠራል።

የአምቡላንሱን ቁጥር በትልቁ ጽፈሽ በሩ አጠገብ ለጥፊው።

ልጅሽ