«አይጠፋም፣ ኑ ብቻ» የተያዘ አልጋ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የገና ሰሞን በመጣ ቁጥር «ላሊበላ አልጋ ጠፋ፣ ዋጋው ናረ» የሚል ዜና ታወጣላችሁ። ዜናው እውነት ነው። ግን የሚወጣው ታኅሣሥ 20 ካለፈ በኋላ፣ አንባቢው ሻንጣውን ሊያስር ሲል ነው። አልጋው የሚጠፋው ደግሞ በዚያ ሳምንት አይደለም፤ ከወር በላይ ቀደም ብሎ፣ ብዙውን ጊዜም እዚሁ አዲስ አበባ በሚደረግ የሁለት ደቂቃ ስልክ ነው። አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የጉዞ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን፣ ዘንድሮ ዜናው ሳይቀድመን ጥቂት ነገር ለማስፈር ወደድን።

ደዋዩ «ለገና አልጋ አለ?» ይላል። እንግዳ ተቀባዩ «አይጠፋም፣ ኑ ብቻ» ይላል። ደዋዩ ስልኩን ዘግቶ ለቤተሰቡ «አልጋ ይዣለሁ» ይላል። አልያዘም። ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሮ እንኳ ቢሆን የሰፈረው በእርሳስ ነው፤ ቀብድ የከፈለ ሲመጣ ይፋቃል። እንግዳ ተቀባዩ ዋሽቷል ለማለት አይደለም። በእንግዳ የሚተዳደር ከተማ «የለም» ማለት ይከብደዋል፤ «አይጠፋም» ያለውም «ከከተማው አንድ ቦታ አታጡም» ለማለት እንጂ «እኛ ጋ አለ» ለማለት አይደለም።

አልጋ ተያዘ የሚባለው ቀብዱ ገብቶ ማረጋገጫው በጽሑፍ ሲመለስ ነው። ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብ በሆቴሉ ስም ካልሆነና የግለሰብ ስም ከተላከላችሁ፣ ስሙን ለላከው ሰው ሳይሆን ለሆቴሉ በቀጥታ ደውሉና ጠይቁ። አንድ ክፍል ለሁለት ሰው የሚሸጠው በአብዛኛው በዚህ ቀዳዳ ነው። በጽሑፍ የሚመጣው መልስ የክፍሉን ዓይነት፣ ስንት ሰው እንደሚያድርበት፣ የስንት ሌሊት እንደሆነ፣ በረራ ቢሰረዝ ወይም መንገድ ቢዘጋ ቀብዱ ምን እንደሚሆን መያዝ አለበት። የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው አይጠይቃትም፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሳው ግን በእሷ ነው። ዋጋ ሲነገራችሁም «ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ ጨምሮ ነው?» በሉ። 3,000 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 3,300፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲታሰብ 3,795 ብር ይሆናል። ለሦስት ሌሊት ልዩነቱ 2,385 ብር ነው።

ቀኑ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። ማሕሌቱ የሚቆመው በዋዜማው ሌሊት፣ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚዘመረው «ቤዛ ኩሉ» ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነው። ስለዚህ «ለገና ዕለት» ብሎ ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ አልጋ የያዘ ሰው በዓሉ ካለቀ በኋላ የሚተኛበትን ክፍል ገዝቷል። በኢንተርኔት ሲያዝም እንደዚሁ ነው፤ መግቢያው ጃንዋሪ 7 ሳይሆን ቢዘገይ ጃንዋሪ 6፣ ቢቻል 5 መሆን አለበት። ሌላም አለ። በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። 2016 እንዲህ ነበር፣ 2020ም እንዲሁ ይሆናል። የቅዱስ ላሊበላ ልደት ግን በታኅሣሥ 29ነቱ ስለሚታሰብ፣ በእነዚያ ዓመታት ከ26 እስከ 30 የሚሸፍን አልጋ መያዝ ነው የሚያዋጣው።

መቼ ይደወል? አስጎብኚ ድርጅቶች ክፍሎችን በጅምላ የሚይዙት ገና ክረምቱ ሳይወጣና በመስከረም ነው። ያልተሸጠላቸውን የሚመልሱበት የመልቀቂያ ቀን አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ነው። በኅዳር «ሞልቷል» የተባለ ሰው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መልሶ ይደውል። «ከአስጎብኚ የተመለሰ አለ?» የምትል ጥያቄ «አልጋ አለ?» ከምትለው ይልቅ በር ትከፍታለች።

አሁን ወደ ውኃው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ አይገኝባትም። ሆቴል የሚኖረው በሮቶው ልክ ነው። 20 ክፍል ያለው ሆቴል በገና 40 ሰው ያሳድራል እንበል። እያንዳንዱ እንግዳ ለሻወርና ለመጸዳጃ 50 ሊትር ቢያወጣ በቀን 2,000 ሊትር ነው፤ ባለ 5,000 ሊትሩ ሮቶ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ባዶ ይቀራል። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማሕሌት የተመለሰው ሁሉ ገላውን ሊታጠብ የሚሰለፍበት ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁን «ውኃ አለ?» ማለት ዋጋ የለውም፤ «አለ» ነው የሚላችሁ። «ሮቶው ስንት ሊትር ነው? በቦቴ ታስሞላላችሁ?» ስትሉት ግን መልሱ ቁጥር ይሆናል። የሙቅ ውኃ ነገርም አጭር ነው፦ በፀሐይ የሚሠራ ማሞቂያ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ታጠቡ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ ሙቅ ውኃ መጠበቅ በራስ ላይ መፍረድ ነው። አንድ ባሊ ውኃ ማታውኑ ሞልቶ መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥም አይከፋም።

«ከቤተ ክርስቲያኑ 5 ደቂቃ» የሚባለው የቁልቁለቱ ነው። ዕይታ ያላቸው አዳዲስ ሆቴሎች ገደል አፋፉ ላይ ስለሆኑ ዳገቱን ለመመለስ ሩብ ሰዓት፣ ለአረጋዊ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዋዜማው ሕዝቡ መንገዱን ስለሚሞላው ባጃጅ ላይ መተማመን አይቻልም። እናትና አባት ይዞ የሚሄድ ሰው ዕይታውን ትቶ ቅርበቱን ይግዛ። ቅርቡ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በድምፅ ማጉያ ያስቀድሳል፤ ለእንቅልፍ ብሎ ለገና ላሊበላ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ሌላ ወር ይምረጥ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት፣ አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት እዚያው ናቸው፤ አልጋውም በድርድር ይገኛል።

በየቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ከቅድስት ሥላሴ እስከ ፒያሳ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የሚለጠፈው የጉዞ ማስታወቂያ «ትራንስፖርት፣ ምግብና ማረፊያን ጨምሮ» ይላል። ማረፊያ ማለት አልጋ ላይሆን ይችላል። ድንኳን፣ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም ወለሉ ላይ ፍራሽ የተደረደረበት አዳራሽ ሊሆን ይችላል። ነውር የለበትም፤ ለብዙ ምእመን የሚስማማውም ይኸው ነው። ግን ሳይከፍሉ በፊት በአንድ ድንኳን ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ፍራሹ ከማን እንደሆነ፣ የሴትና የወንድ ተለይቶ እንደሆነ፣ መጸዳጃው የት እንዳለ መጠየቅ ይገባል። የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ስለሚችል ጋቢ ብቻውን አይበቃም፤ ብርድ ልብስና ከመሬት የሚለይ ምንጣፍ ያስፈልጋል።

ሁሉም የሚረሳው አልጋ ግን ላሊበላ ውስጥ የለም፤ ደሴ ወይም ወልድያ ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላ በመኪና 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከጋሸና የሚታጠፈው የመጨረሻው ክፍል ብቻውን 64 ኪሎ ሜትር ነው። በሌሊት መንዳት ስለማይመከር መሄጃም መመለሻም በመንገድ ላይ አንዳንድ ሌሊት ይታደራል። የገና መንገደኛ በሙሉ በአንድ ቀን ወልድያ ሲገባ እዚያም አልጋ ይጠፋል። በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሳት አንድ ቀን ቀድሞ ከሾፌሮች ማጣራት፣ የመንገዱን አልጋም ቀኑ ሲቀየር የሚቀየር አድርጎ መያዝ ነው። በአውሮፕላን የሚሄድም ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳለ አይርሳ፤ የሆቴሉ መኪና ይቀበለው እንደሆነ በዚያው የጽሑፍ መልስ ላይ ይካተት።

ነዋሪው በእግር ለመጣ ምእመን እግር አጥቦ፣ ቤቱን ከፍቶ የሚያሳድርበት ልማድ አለ። ይህ ለዚያ ምእመን ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና የሄድን ሰዎች የግለሰብ ቤት ስንይዝ ዋጋውን በሰው ነው በክፍል ብለን ተነጋግረን፣ ከፍለን እንደር።

ዋጋው መናሩ እውነት ቢሆንም፣ ጥፋቱን ሁሉ በባለ ሆቴሉ ላይ ማድረግ ግን ትክክል አይመስለንም። ከተማዋ በኮሮና እንግዳ አጣች፤ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ደረሰባት፤ ከዚያ ወዲህም ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው እንግዳ እንደ ድሮው አይደለም። የዓመት ወጪውን በአንድ ሳምንት ለመሸፈን የሚሞክር ባለ ሆቴል እጥፍ ቢጠይቅ ይገባናል። ቀድሞ ከተናገረ መብቱ ነው። ቀብድ ከተቀበለ በኋላ፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ «ዋጋው ተሻሽሏል» ማለት ግን ዋጋ መጨመር ሳይሆን ውል ማፍረስ ነው፤ ጋዜጣችሁ ሊዘግብ የሚገባውም ይሄኛውን ነው። የአልጋውን ምክርም ኅዳር ላይ፣ ቀብድ ለመክፈል ጊዜ ሲኖር አትሙልን።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞ አሰናጆች፣ አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ