ግልጽ ደብዳቤ፦ ድንገተኛ ፍሬን ቴስት ውስጥ ይግባልን

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የፍሬን አያያዝ በመንጃ ፈቃድ ሥልጠናና ፈተና እንዲካተት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስሠለጥን ዳገት ላይ አስነሥቻለሁ፣ ወደ ኋላ ነድቻለሁ፣ ፓርክ ማድረግ እስኪሰለቸኝ ተለማምጃለሁ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ "አሁን ቁም!" ያለኝ አሠልጣኝ ግን አልነበረም። ብዙዎቻችን የፍሬናችንን ሙሉ አቅም የምንሞክረው ሰው ድንገት ፊታችን ሲገባ ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ንቁ ሾፌር እንኳ አይቶና ወስኖ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያዛውር ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ ይወስድበታል፤ ስልኩን የሚያይማ አይነሣ። ፍሬኑ ሥራ ሳይጀምር እስከ 25 ሜትር አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር ያህል፣ በክረምት ዝናብ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ይጨመርበታል። ይህን ሸምድዶ የጽሑፍ ፈተናውን ማለፍ ይቻላል። እግር ግን በሽምደዳ አይሠለጥንም። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ያለው መኪና የፍሬን ፔዳሉን አጥብቆ ረግጦ መያዝን ይፈልጋል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደሚንቀጠቀጥ የማያውቅ ሰው ደንግጦ ይለቀዋል። ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ መኪና ላይ ግን ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይታዘዝም፤ ለቀቅ አድርጎ መልሶ መርገጥ ያስፈልጋል።

ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይከፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ ጀምሮ በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ያልያዘ፣ ይባስ ብሎም ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ማርሽ የለቀቀ ሾፌር የፍሬኑን ሸራ (ተፋትጎ ጎማውን የሚያቆመውን ክፍል) ያግለዋል። የጋለ ሸራ ቢረግጡትም አይዝም። ያረጀ የፍሬን ዘይት ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በማግስቱ "ፍሬን በጥሶ" የሚል ዜና እንሰማለን፤ ለምን እንደበጠሰ የሚነግረን ግን እምብዛም ነው።

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። እግር ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ሲነሣ ራሳቸው እየያዙ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳሉ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መመለሻ ስለሌለው ይህ መያዝ ይቀንሳል። እንጦጦ ላይ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወርድ ሰው ይህን ማን ነገረው?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለማንኛውም ምድብ ዝግ በሆነ ቦታ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድንገተኛ ማቆም የተግባር ፈተና ይሁን። ለሕዝብና ለደረቅ ጭነት ምድቦች ደግሞ ረጅም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ይጨመር። ሜዳ የለንም እንደምትሉ እገምታለሁ። እሑድ ጠዋት ለስፖርት አውራ ጎዳና መዝጋት ከቻልን ለዚህም የሚሆን አስፋልት አናጣም።

ውሳኔያችሁን በይፋ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ አሽከርካሪ